ሙሌቱን ያስቆመችው ሴራሚክ ሠራተኛ

እኔ የዕቃ ቤት ሰው ነኝ። በግንባታ ሳይት ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ቁልፍ ይዤ ኖሬያለሁ። መዶሻ የሚወስደውም፣ አካፋ የሚመልሰውም፣ ጓንቴ ጠፋ ብሎ የሚነጫነጨውም በእኔ በር ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ሰውን የማውቀው በሚጠይቀው ዕቃ ነው። ግንበኛ ቱንቢ ይጠይቃል፣ አናጺ ሚስማር ይጠይቃል፣ ቀን ሠራተኛ ደግሞ ስንት ሰዓት ሆነ ብሎ ይጠይቃል።

እሷ ግን ያልተላከችበትን ነበር የምትጠይቀው።

«ጋሼ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«ውሃ ልክ ናት። ወለሉ ማዘንበል አለማዘንበሉን ታሳያለች። አንቺ ምን ልትወስጂ መጣሽ?»

«እኔማ ምንም። ካርቶን ላወጣ ነው።» ይህን ብላ ውሃ ልኳን መደርደሪያዬ ላይ አስተኝታ ታያለች። «ጋሼ፣ መደርደሪያህ ጠማማ ነው።»

አሁን ሰው ስልኩ ላይ «ፕሮጀክት ማናጀሯ» ብሎ መዝግቧት ይደውልላታል። እኔ ሳውቃት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ የሴራሚክ ካርቶን ተሸክማ በቀን አሥር ጊዜ አራት ፎቅ የምትወጣ።

ያመጣት ታላቅ ወንድሟ ነው። አናጺ ነው፤ ኮንክሪት የሚፈስበትን የጣውላ ቅርጽ፣ እኛ ፎርምወርክ የምንለውን፣ የሚሠራ፣ እጁ የተመሰከረለት። አባታቸው ቀደም ብሎ ስለሞተ ያሳደጋት እሱ ነው ማለት ይቻላል። ትምህርት ስታቆም ሱቅ አስገባት፤ በወሩ ወጣች። ፀጉር ቤት አስገባት፤ የደንበኛ ፀጉር ጠቅልላ ሳትጨርስ ጎረቤት የሚፈርስ ግድግዳ ልታይ ሄዳ ተባረረች። ልብስ ስፌት አስገባት፤ እዚያ የቆየችው ሁለት ሳምንት ነው። ከዚያ ቤት ይዛ የወጣችው ነገር ቢኖር ኋላ ባሏ የሆነውን ልብስ ሰፊ ብቻ ነው።

«ይቺን ልጅ ቁጭ የሚያደርጋት ሥራ አጣሁላት፤» አለኝ ወንድሟ፣ ይዟት የመጣ ቀን። «እንግዲህ ትሸከምና ይድከማት።»

አልደከማትም። ሌሎቹ ምሳ በልተው ጥላ ሥር ጋደም ሲሉ እሷ ፎቅ ለፎቅ ትዞራለች። ቧንቧ የሚዘረጋውን ታያለች፣ ልስን የሚለስነውን ታያለች፣ የሚያባርራት እስኪያባርራት ቆማ ታያለች። በሦስተኛው ቀን «አያርፌ» የሚል ስም ወጣላት። ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ግን ወዲያው ተጣበቀ፣ ዛሬም አለቀቃትም።

በዚያ ሳይት ላይ የሴራሚኩ አለቃ አንድ ቀጭን ሽማግሌ ነበር። «ሚሊሜትር» ነው የምንለው፤ ለአንድ ሚሊሜትር ብሎ የጨረሰውን ግድግዳ ስለሚያፈርስ። ከአሮጌ ጎማ ቆርጦ የሠራው ጉልበት መከላከያ ነበረው፣ ከመታጠቢያ ቤት ወደ መታጠቢያ ቤት የሚሄደውም ያንን እንዳሰረ በጉልበቱ ነው። አንድ ጠዋት ጩኸቱን ከሦስተኛ ፎቅ ሰማሁት።

«ካርቶኖቼን ማን ነው የነካካው? ማን ነው ያቀያየረው?»

እሷ ደረጃው ላይ ነበረች።

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ቁጥራቸው ይለያያል። ካርቶኑ ጎን ላይ ተጽፏል። ይሄ ነጭና ያ ነጭ አንድ ነጭ አይደለም፤ ስለዚህ ለየብቻ አደረግኳቸው።»

ሚሊሜትር ከሁለት ካርቶን አንዳንድ ሴራሚክ አውጥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። በፀሐይ አየ፣ ዞር አድርጎ አየ። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ ሲወርድ በአጠገቧ አልፎ፣ «ነገ ካርቶን አትሸከሚም፤» አላት።

«ተባረርኩ?»

«ለጉልበትሽ የሚሆን ጨርቅ ይዘሽ ነይ።»

ከሱ ጋር ስድስት ዓመት ሠራች። ሴራሚክ ሥራ ተንበርክኮ ነው፤ እሷ ደግሞ መንበርከክ ሞቷ ነው። መጀመሪያ ሰሞን በየአሥር ደቂቃው ትነሳ ነበር። ሚሊሜትር አይቆጣትም፤ የለጠፈችውን በጣቱ ኳ ኳ ያደርገዋል፤ ከሥሩ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ይነቅለዋል፣ እሷም እንደገና ትንበረከካለች። ቀስ በቀስ ጆሮዋ ተሳለ። ኋላ ኋላ ሰው ቤት ለእንግድነት ሄዳ እንኳ ግድግዳ ኳ ኳ ታደርግ ነበር። ልብስ ሰፊው የሰርጋቸው ዕለት ሳይቀር አድርጋዋለች ይላል፤ እሷ ውሸቱን ነው ትላለች።

ሚሊሜትር ጉልበቱ እምቢ ብሎት ሲያቆም፣ ቡድኑን የወረሰችው እሷ ናት። ሥራዋ ጥሩ ነበር። ዕረፍት ግን አልነበራትም። ሴራሚክ ሠራተኛ ሁሉም ከጨረሰ በኋላ የሚገባ ሰው ነው፤ አናጺው የሳተው፣ ግንበኛው ያጣመመው፣ ቧንቧ ሠራተኛው የረሳው ሁሉ መጨረሻ ላይ እሱ እጅ ይገባል። ግድግዳው ጠማማ ከሆነ ሴራሚኩ ያሳብቃል፣ ሰውም ሴራሚክ ሠራተኛውን ነው የሚወቅሰው።

ባለ ሰባት ፎቅ መኖሪያ ስንሠራ ይሄ ነገር ገነፈለ። አምስተኛ ፎቅ ላይ ባለው መታጠቢያ ቤት አንድ ባልዲ ውሃ አፈሰሰች፤ ውሃው ወደ ፍሳሽ መውረጃው እንደመሄድ ተንፏቆ መኝታ ቤት ገባ። መውረጃው ከበሩ ከፍ ብሎ ነበር የተተከለው። የሷ ፎርማን «በሴራሚኩ አስተካክይው፤» አላት። ሌላ ሰው ቢሆን ያስተካክለዋል፣ ወይም ያስተካከለ መስሎ ያልፋል። እሷ መዶሻዋን አስቀምጣ ወጣች።

ቧንቧ ሠራተኛው ጋ ሄደች። «እኔ ግንበኛው ያሰመረውን መስመር ነው የተከተልኩት፤» አላት። ግንበኛው ጋ ሄደች። «እኔ ከፎቁ ላይ ነው የለካሁት፤ ፎቁን የሞሉትን ጠይቂ፤» አላት። ፎቁን ያስሞላው የገዛ ወንድሟ ነው። «መሐንዲሱ በሰጠኝ ልክ ነው የሠራሁት፤ ደግሞ አንቺ ምን አገባሽ?» አላት። አራት ቀን እንዲህ ስትዞር ሥራዋ ቆመ። በአራተኛው ቀን ዕቃ ቤቴ መጥታ ባዶ ካርቶን ቀደደችና መሬት ላይ ዘረጋችው።

«ጋሼ፣ እርሳስ ስጠኝ።»

«ምን ልትሠሪ?»

«ማንም አልዋሸም እኮ። ሁሉም በራሱ ልክ ትክክል ነው። አንዱ ሲጨርስ ቀጣዩ መጥቶ አላየውም፤ ጥፋቱ እሱ ብቻ ነው።»

ካርቶኑ ላይ ቤት ቤት እየሠራች ጻፈች። ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚገባ፣ ከመግባቱ በፊት ምን ለክቶ ማየት እንዳለበት፣ ያልተስማማ እንደሆነ ሥራ እንዳይጀምር። ሁሉም ሰው በኔ በር ስለሚያልፍ በሬ ላይ ሰቀለችው። አናጺዎቹ ሳቁ። አንዱ ቀልደኛ ከሥሩ አህያ ሳለበት። ሦስት ቀን ተሰቅሎ ሰነበተ፤ ከዚያ መሐንዲሱ ሜትር ሊወስድ መጣ። ሻይ ይዞ ነበር። ሻዩ እጁ ላይ እስኪቀዘቅዝ ቆሞ አነበበው።

«ማን ነው የሠራው?»

«አያርፌ።»

«የትኛው መሐንዲስ ነው ደግሞ እሱ?»

«መሐንዲስ አይደለችም። አምስተኛ ፎቅ ላይ ተንበርክካለች።»

በሳምንቱ የማጠናቀቂያ ሥራ ፎርማን ሆነች። ልስኑ፣ ቀለሙ፣ ሴራሚኩ፣ በሩና መስኮቱ በሷ ሥር ገባ። ደስ ያላቸው ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከሁሉም የባሰው ልስን ሠራተኛው ነው፤ ከሷ በሃያ ዓመት ይበልጣል።

«ደግሞ ሴራሚክ ለጣፊ መጥታ ልስን ታስተምረኝ?»

«አላስተምርህም። ግድግዳህ በግራ በኩል ሁለት ሳንቲም ወደ ውስጥ ገብቷል። ያንን ብቻ ልነግርህ ነው።»

ሜትሩን ነጥቆ ለካ። ደግሞ ለካ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ሁለት አይደለም፤ ሁለት ተኩል ነው!» አለ፣ የረታ ሰው መስሎ። እሷም «ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ፤» ብላው ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ ከሷ ጋር ሲሠራ ተጣልቶ አያውቅም።

መሐንዲሱ ግን ነገሩን ቀድሞ አይቶታል። «ወረቀት ከሌለሽ እዚሁ ትቀሪያለሽ፤» አላት። በሠላሳ አንድ ዓመቷ ቅዳሜና እሁድ የግንባታ ሥራ አመራር ልትማር ገባች። ቤታቸው አንድ ሳሎንና አንድ መኝታ ቤት ነው፤ ሳሎኑ የባሏ ስፌት ቤትም ነው። እሱ ማሽኑ ላይ ሲቀመጥ ከወገቡ በላይ ብቻ የሚንቀሳቀስ ሰው ነው፤ ጧት የተቀመጠባት ወንበር ላይ ማታ ታገኙታላችሁ። እሷ ደብተሯን ይዛ ከማሽኑ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ማሽኑ እየተመላለሰች ታጠናለች።

«ወለሉን ጨረስሽው እኮ፤» ይላታል።

«ሴራሚክ ነው፤ አያልቅም።»

«እኔ ግን እያለቅሁ ነው።»

የመጀመሪያውን ዓመት ሒሳብ ወደቀች። በማግስቱ ዕቃ ቤት ገብታ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ሃያ አራት ዓመት ሳውቃት ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። «እጄ ያውቀዋል ጋሼ። ወረቀቱ ላይ ሲሆን ነው የሚጠፋኝ።» መላውን ያመጣው ባሏ ነው። ጥያቄውን ከደብተሯ ላይ ያነብላትና፣ «እስቲ ሴራሚክ ነው በይው፤» ይላታል። ሴራሚክ ካልሆነላት «እሺ ጨርቅ ነው በይው።» በዚህ መንገድ በሁለተኛው ዓመት አለፈች፤ በአራተኛው ተመረቀች። የምረቃ ልብሷን እሱ ሰፋላት፤ እጅጌውን ለመለካት እንድትቆምለት ግን ሦስት ቀን ለምኗታል።

የፕሮጀክት ማናጀር ረዳት ሆና ቆየች። ደብዳቤ መጻፍ፣ ከአሠሪ ጋር መነጋገር፣ ዕቃ ሳያልቅ ማዘዝ ተማረች። ከዚያ ድርጅቱ ባለ ሦስት ፎቅ ክሊኒክ ሰጣት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሬቱ እስከ ጣሪያው በሷ ኃላፊነት። እኔንም ይዛኝ ሄደች። የአናጺዎቹ አለቃ ደግሞ ማን ሆኖ ተገኘ? ወንድሟ። ድርጅቱ ነው የመደበው። መጀመሪያ ላይ ደስታው ልክ አልነበረውም። አሸዋ የሚያመጣውን ሾፌር ሁሉ እያስቆመ፣ «አለቃዬን አየሃት? እህቴ ናት፤ እኔ ነኝ ያሳደግኳት፤» ይለው ነበር።

የአንደኛ ፎቅ ሙሌት ቀን ደረሰ። ሙሌት ማለት በጣውላውና በፌሮው ብረት ላይ ኮንክሪቱ የሚፈስበት ቀን ነው፤ ከጀመረ አይቆምም። ሁለት ቀን ሙሉ ዝናብ ዘንቦ ነበር። ጧት ሁለት የኮንክሪት መኪኖች ሆዳቸውን እያዞሩ በር ላይ ቆመዋል፣ ሦስተኛው መንገድ ላይ ነው። ሠራተኛው ቦት ጫማ አድርጎ ተሰልፏል፤ እኔ ጓንት አድላለሁ። እሷ ወደ ሥር ገባች፤ ፎርምወርኩን በተሸከሙት የብረት ድጋፎች መሐል። ስትዘገይ ተከትያት ገባሁ። ከኋላ ጥግ ላይ ተንበርክካ፣ እጇን ከአንዱ ድጋፍ ሥር ሰዳ አገኘኋት። እጇን ስታወጣው እስከ አንጓዋ ጭቃ ነው።

ወንድሟን ጠራችው።

«ወንድም ጋሼ፣ እነዚህ ሁለት መስመሮች ሥር ጣውላ የለም።»

«ድንጋይ አድርገንበታል።»

«ድንጋዩ ያለው ጭቃ ላይ ነው።»

«ከሥሩ ጠንካራ ነው። ትናንት ራሴ ዘልዬበት አይቼዋለሁ።»

«አንተ ኮንክሪት አይደለህም።»

ሰዎች መሰብሰብ ጀመሩ። እሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እታለም፣ መኪናው እኮ በር ላይ ነው።»

«አይቻለሁ። ሙሌቱ ይቁም።»

«በሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

«አንተን አላዋረድኩህም። ሙሌቱን ነው ያስቆምኩት።»

«እኔ ይሄን ሥራ አንቺ ሴራሚክ ምን እንደሆነ ሳታውቂ ጀምሬ እሠራዋለሁ! አንድም ቀን ወድቆብኝ ያውቃል? ተናገሪ፣ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ዛሬም እንዳይወድቅብህ።»

አያት። ከዚያ የሚስማር ቀበቶውን ፈታ፣ አጣጥፎ ብብቱ ሥር ከተተው፣ በሁለቱ መኪኖች መሐል አልፎ በበሩ ወጣ። ከሰዎቹ ሁለቱ ተከተሉት። ሌሎቹ ወዴት እንደሚያዩ ጠፍቷቸው ቦት ጫማቸውን ያያሉ። መኪኖቹ ወደ ሌላ ሳይት ዞሩ። ስልኳ ወዲያው ጮኸ፤ አሠሪው ነው፤ ቃሉ አይለይም እንጂ ጩኸቱ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። እሷ የምትመልሰው አንድ ነገር ነው። «አዎ፣ እኔ ነኝ ያስቆምኩት። አዎ፣ በኔ ኃላፊነት ነው።» ሦስት ጊዜ አለችው።

አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ለነዚያ ሁለት መስመሮች ጣውላ ሊጠይቁ አናጺዎቹ የመጡት እኔ ጋ ነበር። አልቋል፣ ነገ ይመጣል አልኳቸው። ለሷ አልነገርኳትም። በማግስቱ ሄጄ ነገርኳት።

«ያኔውኑ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሥራዬ አልመሰለኝም።»

ጣውላው ስንት ሰዓት እንደሚገባ ብቻ ጠይቃኝ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሙሌት ካለ፣ «ዕቃ ቤት የጠየቁትን ሁሉ ሰጥቷል» ብዬ እኔም ወረቀት ላይ እፈርማለሁ። ያቺን ወረቀት ያመጣት የኔ ዝምታ ነው፤ ስፈርም ሁልጊዜ እጄ ይከብደኛል።

ጣውላው መጣ፣ ድጋፎቹ በሙሉ ተነስተው እንደገና ቆሙ፣ በአምስተኛው ቀን ተሞላ። ምንም አልሆነም። ፎቁ ቀጥ ብሎ ቆመ። መከራዋ የጀመረው ከዚህ ነው። ድጋፉ ሰምጦ፣ ጣውላው ተሰንጥቆ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ሰው ልክ ነበረች ይላት ነበር። ምንም ስላልሆነ ግማሹ «ወንድሟን በከንቱ አዋረደች፤» አለ፣ ግማሹ ዝም አለ። እሷም ራሷ እርግጠኛ አልነበረችም።

«ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ። ይሸከም ነበር?»

«እኔ የዕቃ ቤት ሰው ነኝ።»

«ፈሪ!» ብላኝ ሄደች።

ከሳች። ምሳዋን ደረጃ ላይ እየሄደች ትበላለች። ደግሞ ሌላ ነገር መጣባት፤ አንድ ቀን መዳፏን ዘርግታ አሳየችኝ። «እየው፣ ለሰለሰ። የማን እጅ ነው ይሄ?» ቀኑን ሙሉ ስልክና ወረቀት ነው፤ እጇ ሥራ ፈታ። እሁድ እሁድ የቤቷን ወጥ ቤት ሴራሚክ ነቅላ እንደገና መለጠፍ ያዘች። ሦስት ጊዜ ነቀለችው። ባሏ ምድጃውን ሳሎን አስገብቶ ከማሽኑ አጠገብ አስቀመጠው። አንድ ቀን ሱሪ ላሳጥር ሄጄ፣ «እኔ ያገባሁት ሴት ነበር፤ አሁን የምኖረው ሳይት ላይ ነው፤» አለኝ። ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

ከወንድሟ ጋር ሰባት ወር አልተነጋገሩም። እናታቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ እሱ ጧት ይሄዳል፣ እሷ ከሰዓት። እናትየዋ ምላሳቸው ስለት ነው። «እናንተ ደግሞ ፈረቃ ገባችሁ እንዴ?» አሏት አንድ ቀን። በሚቀጥለው እሁድ ለሁለቱም አንድ ሰዓት ቀጠሩ፤ ለየብቻ፣ ሌላው እንደሚመጣ ሳይናገሩ።

ይሄን የነገረችኝ እሷ ናት። ስትገባ ወንድሟ መዝጊያውን ነቅሎ ግድግዳ ላይ አስደግፎታል። እናታቸው መሐል ቆመው፣ «በሩ አይዘጋም፣ ደፉ ላይ ያለውም ወለል ተሰብሯል። አንዱ በሩን፣ አንዷ ወለሉን። እኔ ሻይ አፈላለሁ፤ የሚጣላ ወደ ውጭ፤» ብለዋቸው ወደ ጓዳ ገቡ። ነገሩ ግን ዝም ብሎ የሚሠራ አልነበረም። እሱ የወለሉን ከፍታ ካላወቀ በሩን ከሥር መላግ አይችልም፤ እሷም በሩ የት እንደሚያርፍ ካላወቀች ሴራሚክ መለጠፍ አትችልም። ግማሽ ሰዓት እየተላለፉ ዕቃ ሲያነሱና ሲያስቀምጡ ቆዩ።

«ወለልሽ ስንት ከፍ ይላል?» አለ በመጨረሻ፣ መዝጊያውን እያየ።

«አሥራ ሁለት ሚሊ።»

«አሥር አድርጊው።»

«አሥር አይሆንም። ማጣበቂያውስ?»

«ሲሚንቶውን አሳሺዋ!»

«አንተ እንጨቱን አሳሳዋ!»

እናታቸው ከጓዳ፣ «ውጭ ብያለሁ!» ብለው ጮኹ። ሁለቱም ዝም አሉ፤ ግን ያ ዝምታ የሰባቱ ወር ዝምታ አልነበረም። እሱ መላጊያውን አስቀመጠ።

«ያን ቀን፣» አለ፤ «ቢሞላ ኖሮ ይወድቅ ነበር?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። ስንት ቀን አሰብኩት። መጀመሪያ አይወድቅም እያልኩ ነበር የምተኛው። ኋላ እንቅልፉም ቀረ።» መዝጊያውን በመዳፉ ዳበሰ። «ሁለተኛ በሰው ፊት እንዲህ እንዳታደርጊኝ።»

«ወንድም ጋሼ፣ ያንኑ ነገር ካየሁ ያንኑ አደርጋለሁ። በሰው ፊትም ቢሆን።»

ሊቆጣ ነው ብላ ጠበቀች። እሱ ግን መላጊያውን አነሳና ከበሩ ሥር ሁለት ሚሊ ላገ። «በይ አሥራ ሁለት ይሁንልሽ፤» አላት።

ወደ ሳይቷ ግን አልተመለሰም። እሷ ጠይቃው ነበር። «ወንድምሽ ልሁን፤ ሠራተኛሽ መሆን አልቻልኩበትም፤» አላት። ሌላ ድርጅት ገባ። መጀመሪያ ቅር አላት፤ አሁን ስታስበው እንዲህ ይሻላል ትላለች። ስለ ሥራ የሚከራከሩት እናታቸው ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ አለቃዋ ሌላ ናቸው።

ክሊኒኩ ሲመረቅ ባለሥልጣን ንግግር ሲያደርግ ስሟ ተጠርቶ አጣናት። ከጓሮ ሄዳ የውሃ ፓምፕ እያየች ነበር። ትንሽ ድምፅ ሰምታ ነው አሉ። ከዚያ በኋላ ድርጅቱ ዋናው ቢሮ አስገባት፤ አራት ሳይት ከአንድ ጠረጴዛ እንድትከታተል። ምንጣፍ አለው፣ የሚሽከረከር ወንበር አለው፣ መስኮቱ አይከፈትም። አምስት ሳምንት ቆየች። በስድስተኛው ሳምንት ሰኞ ሳይት ላይ፣ ዕቃ ቤቴ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

«ምነው፣ ጎብኝ ሆነሽ መጣሽ?»

«ወንበሩ ይሽከረከራል ጋሼ። ምንም ሳልሄድ ቀኑን ሙሉ ስሽከረከር እውላለሁ። አልቻልኩም፣ መልሱኝ አልኳቸው።»

መለሷት። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት ሠራን፣ አንድ የገበያ አዳራሽ ሠራን። አሁን አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ጉልበቷ ያማታል፤ የሴራሚኩ ዘመን ትቶባት የሄደው ነው። ባሏ ትልቅ ሱቅ ተከራይቶ ማሽኑን ከቤት አወጣ፤ ሳሎኑ ሰፋላት።

ባለፈው ሳምንት ባለ ስምንት ፎቅ ሥራ ሰጧት። ሊፍት ያለው፣ ምድር ቤት ያለው፣ ሠርታ የማታውቀው ዓይነት። ደብዳቤውን ይዛ መጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

«ፈራሽ?» አልኳት።

«በጣም።»

«ታዲያ እምቢ በይ።»

«ሰኞ ቦታውን ላየው ነው። ትመጣለህ?»

እኔ ጡረታዬ ደርሷል፣ እግሬም እንደ ድሮው አይደለም፣ ልነግራት አፌን ስከፍት እሷ ደረጃው ጋ ደርሳለች። ሰኞ ጧት ሄድኩ። ቦታው ገና ሜዳ ነው፤ ሣር፣ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ፣ የዘመመ አጥር። በሩ ላይ ቆሜ ፈለግኳት። ከወዲያኛው ዳር ሆና፣ ጫማዋን በጭቃ ለውሳ፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በእርምጃ እየለካች ነበር።